ጊንጪ የምትጠብቀው ችሎት

አቶ ታምራት ላይኔ ጥቅምት 1989 ዓ.ም. ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነትና ከመከላከያ ሚኒስትርነት ሲነሱ፣ ፓርላማ ፊት ቆመው ጥፋታቸውን አመኑ። በሽግግሩ ዘመን አገሪቱን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩ ሰው ናቸው። በ1992 ዓ.ም. በሙስና 18 ዓመት ተፈረደባቸው። 12 ዓመት ታስረው ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ሲፈቱ የፖለቲካ ዘመናቸው አብቅቶ ነበር፤ ወንጌል መስበክ ጀመሩ።

የአቶ ስዬ አብርሃ መንገድ ሌላ ነው። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ። አቶ ስዬ ከችሎቱ እንደወጡ ወዲያው ተያዙ፤ ፓርላማውም በጥድፊያ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ያን ቀን የተጎዱት ተከሳሹ ብቻ አልነበሩም። የሙስና ክስ ከፓርቲ ጠብ የሚለይበት ድንበር ጠፋ። ስድስት ዓመት ታስረው ሲወጡ ታዲያ ሕዝቡ እንደ ሌባ አላያቸውም፤ በ2002ቱ ምርጫ በተቃዋሚው መድረክ ስም ተወዳደሩ። ዳኛዋም በኋላ ፖለቲከኛ ሆነው በ1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ!

ክስ የፖለቲካ መሣሪያ የሚሆንበትን ይህን ታሪክ ምዕራብ ሸዋም ከቅርብ ያውቀዋል። የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረሱ አቶ በቀለ ገርባ ነሐሴ 2003 ዓ.ም. ታስረው ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወደ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ዝቅ አደረገላቸው። በ2007 ዓ.ም. ሲፈቱ ከበፊቱ ይልቅ ገንነው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በምዕራብ ሸዋ የጊንጪ ከተማ ተማሪዎች የጭልሞ ደንና የከተማው ኳስ ሜዳ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው አደባባይ ወጡ። ተቃውሞው ኦሮሚያን ሲያዳርስ አቶ በቀለ በታኅሣሥ እንደገና ታሰሩ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የጊንጪ ልጆች ጥያቄ መሬት ነበር፦ ማን ፈረመ? ለማን ሰጠ? በስንት? ይህ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ሰነድ በሚመረመርበትና ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ በሚፈተንበት ችሎት ነው። መንግሥት ግን ወህኒ የከተተው ጥያቄውን ያነሱትን ነው። ተቃውሞው ያነጣጠረበት የአዲስ አበባና የፊንፊኔ ዙሪያ ማስተር ፕላን ጥር 2008 ዓ.ም. ሲቀር እንኳ ውሳኔውን የሰማነው ከችሎት ሳይሆን ክልሉን ይገዛ ከነበረው ፓርቲ ከኦሕዴድ መግለጫ ነው።

ፍርድ ቤት የጠብ መወጣጫ በሆነበት አገር ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው በእርግጥ የሰረቀው ባለሥልጣን ነው። «ፖለቲካ ነው» ይላል፣ የሚያምነውም አያጣም። መሬቱን የተነጠቀው፣ ጊንጪ የምትገኝበት የደንዲ ወረዳ ገበሬ ግን ቢፈረድለትም ነገ ምሕረት ወይም ሹም ሽር ፍርዱን ያጥበው ይሆን ብሎ ይሰጋል።

ስለዚህ በምዕራብ ሸዋ በመሬት ጉዳይ የሚከሰስ ሹም ቢኖር ዋስትናው በሕግ ይታይለት፤ ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ይሁን፤ የካርታውና የካሳው ሰነድ ባለይዞታዎቹ በተቀመጡበት፣ በአፋን ኦሮሞ ይነበብ። ጥፋተኛ ከተባለም ከሹመቱ ጋር ተፎካክሮ የመመረጥ መብቱን የሚያሳጣው የወንጀል ሕጉ ድንጋጌ ይጠቀስበት።