የአኮ ካርታ

ልጆቼ አያታቸውን የሚጠሯት በኦሮምኛ «አኮ» እያሉ ነው። እናቴ የምትኖረው በመቂና በባቱ መካከል፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። እኛ አዳማ ነን። በሞጆ በኩል ዞሮ የሚሄደው መንገድ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በስልክ ግን ጎረቤት መሆን ነበረብን።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት እናቴን ደም ግፊቷ ተነሣባት። አብራት የምታድረው የጎረቤት ልጅ ደጋግማ ብትደውል ስልኩ አልሄድ አላት። በመጨረሻ ዝናብ እየመታት ከቤቱ ጀርባ ካለው ከፍታ ወጥታ፣ ግራሩ ሥር ቆማ ነው ድምጿ እኔ ጋ የደረሰው። ከመጀመሪያው ሙከራዋ እኔ «ሃሎ» እስካልኩበት ድረስ አርባ ደቂቃ ያህል አልፏል። ባቱ ያለ ዘመዳችን ባጃጅ ይዞ ደረሰላት። ተመስገን ነው፣ ዛሬ ደህና ናት። ያቺ አርባ ደቂቃ ግን እስካሁን ከልቤ አልወጣችም።

ከወር በኋላ ልጆቹን ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ሳለ የ14 ዓመቷ ልጄ ድንገት፣ «አኮ፣ ስልክ የሚሠራው የት የት ነው?» አለቻት።

እናቴ ከዘራዋን አንሥታ ተነሣች። «ኑ፣ ላሳያችሁ። ግራሩ ሥር ሁልጊዜ ይሠራል። ውኃ መቅጃው ጋ ጠዋት ጠዋት ብቻ። በረቱ ጋ ምንም የለም። ቤት ውስጥ መስኮቱ ላይ ካስቀመጣችሁት ማታ ማታ ይጠራል፤ ካነሣሁት ግን ይቆረጣል።»

ልጄ እየተከተለቻት በደብተሯ ጀርባ ላይ ሣለችው። የሚሠራበትን አረንጓዴ፣ አንዳንዴ የሚሠራበትን ቢጫ፣ የማይሠራበትን ቀይ ቀባችው። ስንመለስ መቂ ላይ ኔትወርኩ ጠንከር ሲል የአገልግሎት ሰጪውን የሽፋን ካርታ በስልኬ ከፈተች። አካባቢው በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብቷል። «አባዬ፣ ይሄ እኮ አኮ ቤት ኔትወርክ አለ ይላል!» አለችኝ። ያን ጊዜ አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። በዚህ ሳምንት ላካፍላችሁ የፈለግሁት ከዚያ ወዲህ አንብቤና ጠይቄ የደረስኩበትን ነው።

የሽፋን ካርታ በአብዛኛው ሰው በእግሩ ዞሮ ለክቶ የሠራው አይደለም፤ ስሌት ነው። የማማው ከፍታ፣ የአንቴናው ጉልበትና አቅጣጫ፣ የመሬቱ አቀማመጥ ለኮምፒውተር ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩም ሞገዱ እስከየት እንደሚደርስ ይገምታል። ግምቱ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ስለ እናቴ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያና ወፍራም የጭቃ ግድግዳ አያውቅም። ማታ ሁሉም ሰው ስልኩን ሲያነሣ ማማው እንደሚጨናነቅም ላያስብ ይችላል። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ጉብታና ሸንተረር የበዛበት ነው፤ አንድ ኮረብታ ከጀርባው ያለውን መንደር ይጋርዳል።

ሞገዱም ዓይነት አለው። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ግን ብዙ መረጃ አይሸከምም። ከፍተኛው ፈጣን ኢንተርኔት ይሸከማል፤ ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ «ኔትወርክ አለ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። አያት ስልክ ማንሣት ትችላለች ወይ ማለት አንድ ጥያቄ ነው። የልጅ ልጇ እዚያው ቤት ተቀምጦ የትምህርት ቪዲዮ መክፈት ይችላል ወይ ማለት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው።

ማማውም ብቻውን ግንድ ነው። የተቀበለውን ድምፅና መረጃ በፋይበር ገመድ ወይም በማይክሮዌቭ ወደ ዋናው መስመር ማስተላለፍ አለበት። መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ፣ ጄኔሬተር ወይም ሶላር ያስፈልገዋል። እንግዲህ ሙሉ ካርታ የሚባለው ማማዎቹን፣ የፋይበሩን መስመርና የመብራቱን ምንጭ ይዞ፣ ከዚያ ላይ ሰው የሚኖርበትን፣ ትምህርት ቤቱንና ጤና ኬላውን የሚያሳይ ነው።

በአጤ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ሽቦው በእንጨት ላይ ተዘርግቶ ስለሚታይ የት እንዳለ ለማወቅ ዓይን በቂ ነበር። የዛሬው ግማሹ በአየር ላይ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከመሬት በታች ተቀብሯል። እኛም አዳማ ሰፈራችን ውስጥ ይህን የተማርነው በችግር ነው። አንድ ጎረቤታችን ለቤት መሠረት ሲያስቆፍር ኤክስካቫተሩ አንድ ገመድ በጥርሱ ይዞ ወጣ። ሰውየው እዚያ ገመድ መኖሩን አላወቀም፣ የሚነግረውም አላገኘም። ሰፈሩ ለቀናት ያለ ኢንተርኔት ቆየ። ታላቁ ልጄ የመመዝገቢያው ቀን እንዳያልፍበት ሌላ ሰፈር ካለ ዘመድ ቤት ሄዶ ነው ፎርሙን የሞላው። ስለዚህ ካርታው የሚጠቅመው አዲስ መስመር ለሚዘረጋው ብቻ ሳይሆን፣ ያለውን እንዳይበጥስ መንገድ ለሚሠራውና ቤት ለሚያንጸውም ጭምር ነው።

ድሮ ቴሌ አንድ ብቻ ስለነበር ካርታው በራሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 ዓ.ም አገልግሎቱን በይፋ ጀምሯል። ሁለት ድርጅቶች ሲኖሩ እያንዳንዱ የየራሱን ካርታ ይሥላል። ሁለቱን አነባብሮ የሚያይ ሦስተኛ ዓይን ያስፈልጋል፤ እሱም ተቆጣጣሪው ነው። ሁለት ማማ ጎን ለጎን የቆመው የት ነው? አንድም የሌለው የት ነው? አንዱ ማማ ሁለቱን ድርጅቶች ማገልገል የሚችለውስ የት ነው? ባለሥልጣኑ መሠረተ ልማትን በጋራ ስለ መጠቀም መመሪያ አውጥቷል። ይሁንና የት ምን እንዳለ ሳይታወቅ «ተጋሩ» ማለት፣ ጓዳውን ሳያዩ እንግዳ እንደ መጥራት ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ተረዳሁ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በአውሮፓ ኅብረት የ15 ሚሊዮን ዩሮ ድጋፍ፣ የ11 የአፍሪካ አገሮችን የብሮድባንድ ካርታ ሥርዓት ለመገንባት እየሠራ ነው። ኢትዮጵያ አንዷ ናት፤ ጎረቤታችን ኬንያም አለችበት። ዓላማው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች የየአገራቸውን የመሠረተ ልማትና የሽፋን መረጃ ሰብስበው በአንድ ካርታ እንዲያዩት፣ መንግሥትም ሆነ ባለሀብት ቀጣዩን ገንዘብ የት ማፍሰስ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

አሜሪካ እንኳ በዚህ ተሳስታ ታውቃለች። ለብዙ ዓመታት በአንድ የቆጠራ ቀጣና ውስጥ አንድ ቤት ብቻ ኢንተርኔት ማግኘት ከቻለ፣ ቀጣናው በሙሉ እንዳገኘ ይቆጠር ነበር። ገበሬው ቤቱ ተቀምጦ ምንም ሳያገኝ በካርታ ላይ ግን «ደርሶታል» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን የሚያስተካክል ሕግ ወጣ። በኅዳር 2022 ደግሞ ቤት ለቤት የሚያሳይ አዲስ ካርታ ይፋ ሆነ። ትልቁ ነገር ማንኛውም ነዋሪ የራሱን ቤት ፈልጎ «ይህ ትክክል አይደለም» ብሎ መቃወም መቻሉ ነው። በ2023 ከ42 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለየክፍላተ ግዛቱ የተደለደለው በዚያ ካርታ ላይ ተመሥርቶ ነው። ካርታ ላይ የሌለ ቤት ከበጀቱም ይቀራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ የወላጆችና የአያቶች ነገር የሚመጣው። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እናደርጋለን? እናማርራለን፣ ስልኩን እናራግፋለን፣ ከፍ ወዳለ ቦታ እንሮጣለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ምሬት ደግሞ ቀንና ቦታ ካልተጻፈበት ከመደበቅ አይሻልም። ስለዚህ እኛ ቤት የጀመርነውን ልንገራችሁ። እናቴን በጎበኘን ቁጥር ልጄ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሆነውን ትጽፋለች። ደወለ ወይስ አልደወለም? ተቆረጠ ወይስ ዘለቀ? የስልኳ ጂፒኤስ የቦታውን ቁጥር ይሰጣታል። ይህን ይዘን መጀመሪያ ወደ አገልግሎት ሰጪው አመለከትን። መልስ ካላገኘን ቀጥሎ የሚኬደው ወደ ተቆጣጣሪው ነው። «ኔትወርክ የለም» ከሚል ስሞታ ይልቅ «በዚህች ነጥብ፣ በዚህ ሰዓት፣ ሦስት ጊዜ ሞክረን አልሄደም» የሚለው ለማጣራት ይቀላል። የቀበሌው መምህርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የየራሳቸውን እንዲጽፉ ለምነናቸዋል፤ ያለውን ችግር ከእኛ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እስካሁን አዲስ ማማ አልቆመም። እስኪቆም ግን ካርታው ሥራ አልፈታም። ልጄ በትልቅ ወረቀት ገልብጣው ከእናቴ አልጋ በላይ ለጥፈነዋል። የጎረቤቷ ልጅ አሁን ብትደናገጥ እንኳ በቀጥታ ወደ ግራሩ እንደምትሄድ ታውቃለች፤ በዝናብና በጨለማ እየሞከረች አርባ ደቂቃ አታባክንም። ማታ ማታ ስልኩ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል፤ በሁለት ሰዓት እንደውላለን። ከጠራ ደህና ናት ማለት ነው፤ ማንሣት የለባትም።

ባለፈው እሑድ ስንሄድ እናቴ ካርታውን አየት አድርጋ ልጄን፣ «ግራሩን ሣልሽ፣ በረቱን ሣልሽ፤ የእኔን ቤት ምነው ቀይ አደረግሽው?» አለቻት።

«እንዲያዩት ነው፣ አኮ» አለቻት ልጄ።

እናንተስ ዘንድ የማን ቤት ነው ቀዩ? ጻፉት። ቸር ሰንብቱ።