ራሽን የማይሞላው ጉድለት

በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው የኡም ራኩባ መጠለያ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት ሥፍራ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ለመቀበል ዳግም ተከፈተ። በ1977 ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው። ስለ ስደተኛ አረጋውያን ሲነሳ ወሬው ስንዴና መድኃኒት ነው፤ ብቸኝነታቸውም ከዘመድ መራቅ ብቻ ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን ከዚያ የጠለቀ ይመስለኛል። በአገር ቤት አረጋዊ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሙሽራ ይመርቃል፣ አቦል ሲቀዳ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሱ ነው። በመጠለያው ግን የራሽን ካርዱን ይዞ ከልጅ ልጁ እኩዮች ጋር ይሰለፋል። ዙሪያው ሰው ሞልቶ (ድንኳኑማ ተጠጋግቷል) የሚፈልገው የለም።

«እህል በሚቆራረጥበት ቦታ ስለ ብቸኝነት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ይህ ሙግት ክብደት አለው። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2016 ዓ.ም. ስለ ማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን ያቋቋመው ብቸኝነት ልብንና አንጎልን ጭምር ስለሚጎዳ ነው። መፍትሔውም ከእህሉ ላይ አይቀንስም። የጎረቤት ጠብ ለሽማግሌዎች ይመራ፤ ዳስና ጀበና ይኑር። ድንኳን ሲደለደል የአንድ ቀበሌ ሰዎችን ማጎራበት ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም።