የዩክሬን ዕርዳታ በአሜሪካ ምክር ቤት፦ አብላጫ ድምፅ እያለ ስድስት ወር ለምን ፈጀ?

ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ለዩክሬን ወደ 61 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕርዳታ የሚፈቅደውን ረቂቅ ሕግ በ311 ድጋፍና በ112 ተቃውሞ አሳልፏል። ከሦስት ቀን በኋላ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ (ሴኔቱ) ለእስራኤልና ለታይዋን ከተመደበው ጋር በአንድ ጥቅል በ79 ለ18 ድምፅ አጸደቀው፤ በማግሥቱም ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ፈረሙበት።

ፕሬዚዳንቱ ገንዘቡን የጠየቁት ግን ጥቅምት 9 ቀን ነበር። ድምፅ ከሰጡት አባላት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የሚደግፉት ጉዳይ ስድስት ወር የተጓተተው ስለምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በአብዛኛው በአንድ ፓርቲ የውስጥ ሽኩቻ ውስጥ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሀገራችን የአፈር ማዳበሪያን ከውጭ ገዝታ ታስገባለች፤ ሩሲያ ደግሞ ከዓለም ዋና ዋና የማዳበሪያ ሻጮች አንዷ ናት። ቀድሞም መናር ጀምሮ የነበረው የማዳበሪያ ዋጋ የካቲት 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሲጀመር ይበልጥ አሻቅቧል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ የጫነች መርከብ ለኢትዮጵያ ተረጂዎች የሚሆን እህል ይዛ ጅቡቲ መድረሷም ይታወሳል። የጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ሐምሌ 2015 ዓ.ም ከፈረሰ ወዲህ የዩክሬን እህል የሚወጣው ሀገሪቱ ራሷ እየተከላከለች ባስከፈተችው የባሕር መሥመር ነው። ስለዚህ በዋሽንግተን የሚሰጥ ድምፅ ውሎ አድሮ በገበያችን ላይ ጥላውን ያጠላል።

የመዘግየቱ ሥር ያለው በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ በተካሄደው ምርጫ ውጤት ነው። ሪፐብሊካኖች የተወካዮች ምክር ቤቱን የያዙት በ222 ለ213፣ በጣም በጠበበ ብልጫ ነበር። አፈ ጉባኤ ለመሆን የፈለጉት ኬቨን ማካርቲም የፓርቲያቸውን ጥቂት አባላት ድምፅ ለማግኘት ሲሉ አንድ አባል ብቻውን አፈ ጉባኤው ከሥልጣን ይውረድ ብሎ ሐሳብ እንዲያቀርብ ፈቀዱ። መስከረም 22 ቀን 2016 ዓ.ም ይኸው ደንብ በራሳቸው ላይ ተሠራበት። ስምንት ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር አብረው በ216 ለ210 ድምፅ አወረዷቸው። በአሜሪካ ታሪክ አፈ ጉባኤ በዚህ መንገድ ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ተተኪው ማይክ ጆንሰን በዚያው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ያው ሠይፍ በራሳቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በምክር ቤቱ ለውይይት የሚቀርበውን አጀንዳ የሚወስነው በዋናነት አፈ ጉባኤው ነው። በሪፐብሊካን መሪዎች ዘንድ የቆየ ያልተጻፈ ልማድም አለ፤ የራስ ፓርቲ አባላት አብዛኞቹ ያልደገፉት ረቂቅ ለድምፅ አይቀርብም። በመጨረሻው ቀን ከሪፐብሊካኖች 101 ሲደግፉ 112 ተቃውመዋል። ድጋፍ የሰጡት ዴሞክራቶች ግን 210 ነበሩ። በሌላ አነጋገር ሕጉን የሚያሳልፍ አብላጫ በምክር ቤቱ ውስጥ ነበረ፤ በገዢው ወገን ውስጥ ግን አልነበረም።

ተቃዋሚዎቹ ክርክር አልነበራቸውም ማለት አይደለም። የሀገራቸው ዕዳ መብዛቱን፣ ጦርነቱ ግልጽ መቋጫ እንደሌለው፣ አውሮፓ ሸክሙን ይበልጥ መሸከም እንዳለባት አንሥተዋል። ከሁሉ በላይ ግን «ከሰው ድንበር በፊት የራሳችን ድንበር ይጠበቅ» አሉ። ይህንኑ ሰምተው የሁለቱ ፓርቲዎች የሴኔት አባላት ለወራት ተደራድረው የሜክሲኮን ድንበር የሚያጠብቅ ረቂቅ አዘጋጁ። ዶናልድ ትራምፕ ሲቃወሙት ግን አብዛኞቹ ሪፐብሊካኖች ሸሹት፤ ጥር 29 ቀን ወደቀ። ለምርጫ ዘመቻ የሚጠቅም ጉዳይ ከምርጫው በፊት መፍትሔ እንዲያገኝ አልተፈለገም የሚል ወቀሳም አስከተለ። ሴኔቱ የካቲት 5 ቀን ዕርዳታውን ያለ ድንበሩ ጉዳይ በ70 ለ29 ቢያሳልፍም፣ ረቂቁ በጆንሰን ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ወር በላይ ተቀመጠ። ከአራት ቀን በኋላ የዩክሬን ጦር ከአቭዲቭካ ከተማ ለቆ ወጣ። የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ አንዱ ምክንያት የጥይት እጥረት ነው ብሏል።

መቋጠሪያው የተፈታው ኢራን በሚያዝያ መጀመሪያ እስራኤልን በድሮንና በሚሳኤል ካጠቃች በኋላ ነው። ጆንሰን የዩክሬንን፣ የእስራኤልንና የታይዋንን ጉዳይ ለየብቻ አቀረቡ። ማንም የሚፈልገውን ደግፎ የማይፈልገውን የሚቃወምበት በር ተከፈተ። ለዩክሬን ከሚሰጠው የኢኮኖሚ ድጋፍ ከፊሉም በብድር መልክ ሆነ፤ ይህም ስጦታ አንሰጥም ለሚሉት መሸሻ ሰጣቸው። ጉዳዩ ወደ አዳራሹ እንዲገባ የሚፈቅደው የሥነ ሥርዓት ድምፅ ሲሰጥ እንኳ ከሪፐብሊካኖች ይልቅ የደገፉት ዴሞክራቶች በዝተዋል። ሚያዝያ 30 ቀን ጆንሰንን ለማውረድ የቀረበው ሐሳብም በ359 ለ43 ውድቅ ሲሆን፣ ካተረፏቸው መካከል 163ቱ ዴሞክራቶች ነበሩ።

ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። የሌላ ሀገር ምክር ቤት ስለ ጦርነት ሊመክር ነው የሚል ዜና ስንሰማ «ስንቶች ይደግፉታል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። አጀንዳውን የሚያቀርበው ማን ነው? ወንበሩን የሚያጣው በማን ቁጣ ነው? ጉዳዩስ ከየትኛው የአገር ውስጥ ጥያቄ ጋር ታስሯል? የጎተራው ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ከሆነ፣ እህል መኖሩ ብቻውን የተራበን አያበላም።

አሜሪካውያን በጥቅምት 2017 ዓ.ም ፕሬዚዳንትና የምክር ቤት አባላት መርጠዋል። ዕርዳታው ዳግም ሲጠየቅ ቁልፉን የሚይዘውም ያኔ ተለይቷል። ክረምቱን ለመዝራት ማዳበሪያ የሚጠብቅ አርሶ አደርም ሆነ ዳቦ የሚገዛ የከተማ ነዋሪ በዚያ ምርጫ ድምፅ አልነበረውም፤ ከውጤቱ ግን ድርሻው ይደርሰዋል።