ፍየል ወዲያ፣ ቅዝምዝም ወዲህ

ዛሬ የምጽፈው ስለ መኖ ወይም ስለ ክትባት አይደለም። ሲከነክነኝ የቆየ ነገር አለ፣ እሱን ልተንፍሰው። የሚከፋው ሰው ካለ አስቀድሜ ይቅርታ እላለሁ።

በየስብሰባው የምንሰማው አንድ ነገር ነው፦ "የሀገራችን ፍየል ዘሯ ደካማ ነው፣ አታድግም፣ መፍትሄው በውጭ ዝርያ ማዳቀል ነው።" ባለሙያው ይላል፣ አርሶ አደሩ ይደግማል። እኔም ከኮሌጅ ወጥቼ ቆላ ቀበሌ ስመደብ ይዤ የመጣሁት ይህንኑ ነበር። ሪፖርት ላይ "ይህን ያህል ክልስ ግልገል ተወለደ" ብዬ እሞላ ነበር። ከነሱ ስንቱ የመጀመሪያውን በጋ አለፈ? ቅጹ አይጠይቅም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጥፋቴ ነው።

አሁን ግን በግልጽ እላለሁ፦ ፍየል ወዲያ፣ ቅዝምዝም ወዲህ ሆኖብናል። በሽታው ያለው ዘሩ ላይ ሳይሆን "የትኛው ወጠጤ ይሸጥ፣ የትኛው ይቅር?" የሚለው ላይ ነው።

እስቲ የፋሲካን ሰሞን አስቡት። ነጋዴ በረት ድረስ ሲመጣ የትኛውን ነው የሚመርጠው? ደረቱ የሰፋውን፣ ከእኩዮቹ ቀድሞ ያደገውን አይደል? እሱ አንድም ልጅ ሳይተካ ይሄዳል። ነጋዴ ያልፈለገው ከሲታ ይቀራል። ስላልተኮላሸም ዓመቱን ሙሉ መንጋውን የሚሳረረው እሱ ነው። ግልገሎቹ አንሰው ሲወለዱ "ዘሩ ደካማ ነው" እንላለን። ያደከምነው እኛው! ለማሽላ ዘር ምርጡን ዛላ መርጦ ጭስ ላይ የሚሰቅል ገበሬ፣ ለፍየል ሲሆን ምርጡን ለቢላ፣ ተራፊውን ለዘር ያደርጋል። ለማሽላው ያወቅነውን ለፍየሏ ምነው ከለከልናት?

"ሀገሪቱ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ፍየል እያላት ምን ዘር ይጠፋል?" የሚለኝ አለ። ቁጥር ብቻ አያድንም። አንድ ቀላል ስሌት አለ፦ የወንዱን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር፣ ከዚያም በ4 አባዝቶ ለሁሉም ድምር ማካፈል። አንድ አውራ 30 እናት ፍየሎችን ብቻውን የሚያስረግዝ ከሆነ ውጤቱ 4 እንኳ አይሞላም። በረት ውስጥ 31 ፍየል ቆሞ እያየን፣ የዘር ስብጥሩ የሚጠብበት ፍጥነት ግን ልክ 4 ፍየል ብቻ እንዳለን ነው። ያው አውራ ከገዛ ልጆቹ ጋር ሲሳረር ደግሞ ግልገሉ ደካማ ይሆናል፣ ሞት ይበዛል፣ ይጨነግፋል። ያኔም ዘሩን እንወቅሳለን።

የውጭ ዝርያውስ? የቦርን ፍየል አልሰድብም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለስጋ ተብሎ ተመርጦ የወጣ ግሩም ፍየል ነው። ወደ እኛ ሀገር የገባው በ2007 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ነው፤ ከሱ በፊት ለወተት ተብለው አንግሎ ኑቢያንና ቶገንበርግ መጥተዋል። በቂ መኖና ክትትል ባለበት ክልሱ ጥሩ ሊሰራ ይችላል። ግን ትልቅ ሰውነት ትልቅ ሆድ አለው። ሚያዝያ ላይ ቅጠል በጠፋበት፣ ውሃ ሩቅ በሆነበት ገደል ለገደል ማን ይዋልለት? የአበርገሌ ፍየል ትንሽ የሆነችው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፤ በተከዜ ዙሪያ ባለው ደረቅ ገደላገደል ስትኖር ትውልድ በትውልድ ድርቁ የመረጣት ስለሆነች ነው። የአፋር ፍየል፣ አጭር ጆሮዋ የሶማሌ ፍየል፣ የወይጦ ጉጂ ፍየልም እንዲሁ እያንዳንዳቸው የሀገራቸውን ሙቀት፣ ቁጥቋጦና በሽታ ተለማምደው የኖሩ ናቸው። ያለ እቅድ ከደባለቅናቸው መልሶ መለየት አይቻልም። ቡናና ወተት ተቀላቅሎ ማን ለየው?

ደግሞ ልብ በሉ፦ በሀገራችን ፍየሎች ላይ የተሰሩ የዘረ-መል ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ አብዛኛው ልዩነት ያለው በአንዱና በሌላው ዝርያ መካከል ሳይሆን በየዝርያው ውስጥ ነው። ይህ ማለት ፈጣን አዳጊውም፣ መንታ ወላጇም፣ ባለወተቷም እዚሁ በረታችን ውስጥ አሉ። ባህር ማዶ የምንፈልገውን ነገር ለፋሲካ እየሸጥነው ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይምጣ። "የማዳበሪያ እዳ አለብኝ፣ የልጅ ደብተር አለብኝ፣ ምርጡን ወጠጤ ይዤ ምን ልብላ?" ያሉኝ አባት ነበሩ። እውነታቸውን ነው፤ መልስ አልነበረኝም። ለአንድ ሰው ብቻ "ለሀገር ብለህ አትሽጥ" ማለት ግፍ ነው። ሸክሙ የጋራ መሆን አለበት። ይህ ህልም አይደለም፤ በመንዝና በቦንጋ በጎች ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የማህበረሰብ አቀፍ ዝርያ ማሻሻያ ተሰርቷል፣ በኋላም ወደ አበርገሌ ፍየል መጥቷል። ለእኛ ቀበሌ እንዲህ ይሁን እላለሁ፦

1. በአንድ ግጦሽ የሚያሰማሩ ጎረቤታሞች ይደራጁ። 5 ቤተሰብ እያንዳንዱ 30 እናት ፍየል ቢኖረውና 5 የማይዛመዱ አውራዎችን በጋራ ቢጠቀሙ፣ ያ 4 የማይሞላው ቁጥር ወደ 19 ይደርሳል።

2. ወጠጤ የሚመረጠው በመልኩ ብቻ አይሁን። እናቱ መንታ ትወልዳለች? ግልገሏን አጥግባ ታሳድጋለች? ይህን ከእናቶቻችን በላይ የሚያውቅ የለም፤ ምርጫው ላይ ይኑሩ።

3. ነጋዴው የሰጠውን ዋጋ ቡድኑ አዋጥቶ ለባለቤቱ ይክፈል። አውራው አገልግሎቱን ሲጨርስ ይሸጥ፣ ገንዘቡ ተመልሶ ቀጣዩን ይግዛ።

4. ያልተመረጠው ለስሪያ ሳይደርስ በቡርዲዞ ይኮላሽ። ሙክት ሆኖ ለበዓል ሲቀርብ ዋጋውም ደህና ነው።

5. አውራው ሴት ልጆቹ ለስሪያ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ሌላ መንጋ ይዛወር።

ለባልደረቦቼ ደግሞ፦ "ስንት ክልስ ተወለደ" ብለን ብቻ አንቁጠር። ስንት ምርጥ አውራ ቀረ፣ ስንት ግልገል ዓመት ደፈነ ብለንም እንጻፍ። ቅጹ ቦታ ከሌለው ጀርባው ላይ እንጻፈው። እኔ ከዚህ ወር ጀምሬያለሁ።

የፍየል ዘር በጥናት ማዕከል ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ አይጠበቅም። በዋናነት የሚጠበቀው ነጋዴው በረት ደጃፍ ቆሞ "ይሄን ስጠኝ" ሲል በምንሰጠው መልስ ነው። የሚቀጥለው በዓል ሳይመጣ ከጎረቤት ጋር ተመካከሩ። ምክክራችሁ ላይ ጥሩኝ፣ እመጣለሁ።

መልካም የስራ ጊዜ!