ሕንፃ መርማሪው የአሠሪው ተቀጣሪ መሆን የለበትም

የከተማ ሕዝባችን ቤት የሚያገኘው ከጉሮሮው ነጥቆ ነው። የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረ ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ተመዝግበው፣ በባንክ ቆጥበው ዕጣ ጠብቀዋል። ዕጣ የደረሰው ሰው ቁልፉን ሲረከብ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሌላ ወጪ ነው፤ ከላይኛው ቤት መታጠቢያ የሚንጠባጠብ ፍሳሽ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የማይገጥም በር። ልስንስ በራስ ገንዘብ ይታደሳል። ኮለን ውስጥ የጎደለን ፌሮ ግን ኮንክሪት ከተሞላበት በኋላ ማን ያየዋል?

ይህ የሆነው ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 «የሕንፃ ሹም» አቋቁሞ ፕላን እንዲያጸድቅና ግንባታ እንዲቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። ጥያቄው ሹሙ የማን ሰው ነው የሚለው ነው። በመንግሥት የቤት ፕሮጀክት አሠሪው አስተዳደሩ ነው፣ ተቋራጩንና አማካሪ መሐንዲሱን የሚቀጥረው አስተዳደሩ ነው፣ ሹሙን የሚሾመውም ያው አስተዳደር ነው። የምረቃ ቀን ተቆርጦ ሪባን በተዘጋጀበት ሰዓት «ይህ ሶሌታ ይፍረስ» ብሎ የሚጽፍ ሹም በገዛ እንጀራው ላይ መፍረዱ ነው። በግል ሕንፃም ቢሆን ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ክፍያውን የሚቀበለው ከባለሕንፃው እጅ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተቋራጩ ከርክክብ በኋላ ለአሥር ዓመት ስለ ሥራው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያዛል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ከተቋራጩ ጋር የተዋዋለው አስተዳደሩ እንጂ ባለዕጣው አይደለም። ግድግዳው የተሰነጠቀበት ነዋሪ በየትኛው ውል ይክሰስ?

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፣ በፎቅ የሚኖሩ ቤተሰቦች በሌሊት ልጆቻቸውን አቅፈው ደረጃ ወርደዋል። የቤታቸውን ጥንካሬ ማን መርምሮ እንደፈረመበት የሚያውቅ ከመካከላቸው ስንት ነበር?

እኛ ከተመረጥን ከንቲባው ሊያነሣው በማይችል ኃላፊ የሚመራ፣ ተጠሪነቱ ለምክር ቤት የሆነ የሕንፃ ምርመራ ተቋም እናቋቁማለን። ገንቢው የምርመራ ክፍያውን ለተቋሙ ይከፍላል፤ መርማሪውን ግን አይመርጥም፣ በዕጣ ይመደብለታል። መሠረቱ ሲቆፈር፣ ፌሮው ሲታሰር፣ እያንዳንዱ ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት መርማሪው በቦታው ተገኝቶ ይፈርማል፤ ካልፈረመ ሙሌት የለም። በ28ኛው ቀን የሚፈተነውን የኮንክሪት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚወስደውም ተቋራጩ አይሆንም። ውጤቱ ለገዥው ክፍት ይሆናል፤ የአሥር ዓመቱ ዋስትናም ቤቱን ተከትሎ ወደ ባለዕጣው እንዲተላለፍ ሕጉን እናሻሽላለን።

ይህ ግንባታን ያጓትታል የሚሉ አሉ። አዎን፣ አንዳንድ ሙሌት በአንድ ቀን ይዘገይ ይሆናል፤ ነዋሪ የገባበትን ብሎክ ማፍረስ ግን ስንት ቀን ይፈጃል?

አስቀድመን ሰው የሚኖርባቸውን ብሎኮችና የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን እናስመረምራለን። ከአዲስ አበባ ቀጥሎ በስምጥ ሸለቆ የሚገኙት አዳማና ሐዋሳ ቅድሚያ ያገኛሉ።