ጅብ ከሄደ የሚጮኹት

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። የዓለም መንግሥታት ነገር ልክ እንደዚሁ ነው። ሰው ሲታረድ ዝም፤ ሬሳው ከተቀበረ በኋላ ሻማ ማብራትና «ከእንግዲህ አይደገምም!» ብሎ መማል።

ሩዋንዳን እናንሳ። «አልሰማንም» እንዳይሉ ሰምተዋል። በዚያ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ የነበሩት ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ጃንዋሪ 11 ቀን 1994 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኒው ዮርክ ቴሌግራም ላኩ። ኪጋሊ ውስጥ ቱትሲዎች እየተመዘገቡ መሆኑን፣ መሣሪያም መደበቁን ከውስጥ አዋቂ ሰምተው ነገሩ። የተደበቀውን መሣሪያ ልያዝ ቢሉ ተከለከሉ።

ሦስት ወር ሳይሞላ እልቂቱ ጀመረ። ኤፕሪል 11 ቀን የቤልጂግ ወታደሮች አንድ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ውስጥ የተጠለሉ 2 ሺህ ያህል ሰዎችን ጥለው ወጡ። ገዳዮቹ ደጅ ላይ እየጠበቁ ነበር። ኤፕሪል 21 ቀን ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት ተሰበሰበ። ጦር ሊጨምር? የለም! 2 ሺህ 500 ያህል የነበረው ጦር ወደ 270 እንዲቀንስ ወሰነ። በዚያ አዳራሽ የገዳዩ መንግሥት ተወካይም ወንበር ነበረው!

ዋሽንግተን ደግሞ «ዘር ማጥፋት» የምትለዋን ቃል ሸሸች። ቃሉ ከአፍ ከወጣ የ1948ቱ ስምምነት ግዴታ ይከተላላ! ይህን ስምምነት ከሁሉም ቀድማ በ1949 ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። ነገሩ የሰው አገር ወሬ አይደለም።

የአፍሪካ ኅብረትስ? በ2000 የጸደቀው የማቋቋሚያ ሕጉ አንቀጽ 4 ዘር ማጥፋት ሲፈጸም አባል አገር ውስጥ ጣልቃ የመግባት መብት ይሰጠዋል። በዲሴምበር 2015 የኅብረቱ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት ወደ ቡሩንዲ 5 ሺህ ጦር ይግባ አለ። የቡሩንዲ መንግሥት እምቢ ሲል፣ መሪዎቹ በጃንዋሪ 2016 እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ሐሳቡን ተዉት። ሌባው ካልፈቀደ ፖሊስ አይገባም እንደማለት ነው!

«ኃያላኑ ሰው ማዳን እያሉ ሌላ ሥራ ይሠራሉ፤ ሊቢያን በ2011 አይታችኋል» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ዳሌር የለመኑት ቦምብ አልነበረም፤ የተደበቀ መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ነው። መከላከል የሚባለው ይኸው ነው። በጊዜው ሲሆን ዋጋው ትንሽ ነው።

ዘንድሮስ ተምረናል? የጸጥታው ምክር ቤት በጁን 2024 የዳርፉሯ ኤል ፋሽር ከበባ እንዲቆም ውሳኔ አሳለፈ። ውሳኔው አስፈጻሚ አጣ። በኦክቶበር 2025 ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ከተማዋን ያዘ፤ ሰላማዊ ሰዎችንም ፈጀ። መግለጫው ከዚያ በኋላ ጎረፈ።

ሕግ አልጠፋም፤ የጠፋው የሚያስከብረው ነው። አዲስ አበባ ላይ ጽሕፈት ቤት ያለው ኅብረት አንቀጽ 4ን ከመሳቢያው ያውጣ። ውሻው ጅቡ ሳይሄድ ይጩኽ!