ርኅራኄ ወይስ እኩል ሚዛን?

አካሉ የጎደለ ሰው ታላቅ ሥራ ሲሠራ ብዙዎቻችን «ተአምር ነው» ብለን እናልፋለን። እንደ እኔ አስተያየት ግን ይህ ቃል ምስጋና ቢመስልም የሰውየውን ድካም ይሸፍንበታል። ለዚህም ምስክር አድርጌ የማቀርበው ጂም አቦት የተባለውን አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። ዘመኑን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አቦት በ1967 በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ ሲወለድ ቀኝ መዳፍ አልነበረውም። በቤዝቦል ጨዋታ ወርዋሪው ትንሿን ጠንካራ ኳስ በኀይል ይወረውራል፤ ባላጋራው በዱላ ይመታታል፤ የተመታችው ኳስ ወደ ወርዋሪው ከመጣች ደግሞ በቆዳ ጓንት ቀልቦ ለጓደኛው መወርወር አለበት። አቦት ጓንቱን በቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ አስደግፎ በግራው ይወረውርና ወዲያው ግራ እጁን ጓንቱ ውስጥ ያገባል፤ ኳሷን ከቀለበ በኋላም ጓንቱን በቀኝ ብብቱ ሥር ይዞ ኳሷን በግራው አውጥቶ እንደ ገና ይወረውራል። ይህን ሁሉ በልጅነቱ ኳስ ከግድግዳ ጋር እያነጠረ ተለማመደው። ታዲያ ተአምሩ የቱ ላይ ነው?

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ 26 ጊዜ አሸንፎ 8 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ለትርኢት በቀረበው የቤዝቦል ውድድር የአሜሪካ ቡድን በመጨረሻው ግጥሚያ ጃፓንን 5 ለ 3 ሲረታ ወርዋሪው እርሱ ነበረ። በ1989 በዝቅተኛው ሊግ ሳይቆይ በቀጥታ ለካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ተሰለፈ። በ1993 ለኒው ዮርክ ያንኪስ ሲጫወት የክሊቭላንድን ቡድን አንድም የተሳካ ምት ሳያስመታ 4 ለ 0 አሸነፈ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ደስ ያሰኛል፤ የሚቀጥለው ግን ይበልጥ ያስተምራል። በ1996 ሁለት ጊዜ ብቻ አሸንፎ 18 ጊዜ ተሸነፈ፤ በተከታዩም ዓመት ቡድኑ አሰናበተው። በ1998 ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ተመልሶ አምስት ጊዜ አሸነፈ፤ በ1999 ጨዋታውን ተወ። በሙያው ዘመን ሁሉ 87 ድልና 108 ሽንፈት ተመዘገበለት። ባላጋራዎቹም ኳሷን ሆን ብለው በቀስታ ወደ እርሱ እየመቱ ይፈትኑት ነበር። እኔ በዚህ ውስጥ ጭካኔ አይታየኝም። ሲያሸንፍ የተሰለፈው፣ ሲሸነፍም የተሰናበተው ሌላው ተጫዋች በሚመዘንበት ሚዛን ነው። ያ 108 ሽንፈት ሰው ሆኖ ለመቈጠሩ ማስረጃ ነው።

«እንግዲያስ ለጎደለው እርዳታ አያስፈልገውምን?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እጅግ ያስፈልገዋል። አቦት ሕፃን ሳለ አንድ መምህሩ የጫማ ክር በአንድ እጅ የሚታሰርበትን ዘዴ ራሱ ተለማምዶ አስተማረው። እውነተኛ እርዳታ እንዲህ ያለው ነው፤ ሰውየውን ከሥራው አያስቀረውም፣ ወደ ሥራው ያደርሰዋል እንጂ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! በየትምህርት ቤቱ እጁ ወይም እግሩ የተጎዳውን ልጅ በስፖርት ሰዓት ልብስ ጠባቂ አድርጎ በሜዳው ዳር ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ይህም እንደ ደግነት ይቈጠራል። መምህራንና ወላጆችም ይህን እንዲያስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ልጁ ወደ ሜዳው ይግባ፤ የሚችልበትንም ዘዴ አብረን እንፈልግለት። ካሸነፈ ይጨብጨብለት፤ ከተሸነፈም እንደ ማናችንም ይሸነፍ።